ከፋይናል በኋላ እጀምራለሁ

ጅማ ውስጥ ስፖርት አይጠቅምም የሚል ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። የሕክምናውን ጠይቁ፣ የግብርናውን ጠይቁ፣ የሕጉን ጠይቁ፤ መልሱ ያው ነው። ለጤና ጥሩ ነው። ጭንቀት ይቀንሳል። እንቅልፍ ያስተካክላል። አንዳንዱ እንዲያውም ስለ ልብና ስለ ሳንባ ከሐኪም በላይ ያብራራል። «አንተስ ትሠራለህ?» ስትሉት ግን ፈገግ ይላል። ከዚያ የማውቃት መልስ ትመጣለች፦ «ቲቸር፣ ከፋይናል በኋላ እጀምራለሁ።»

ፋይናል ያልፋል። ልጁ አገሩ ሄዶ ይመለሳል። ምዝገባ፣ አሳይመንት፣ ሚድ። ሚድ አለፈ ሲባል ሌላ ፋይናል ደርሷል። እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ዓመት ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። በዚያ ሰሞን ስለ ሩጫ የሚያወራ ሰው ጤነኛ አይመስልም። ከዚያ የምረቃ ሱፍ ሊለካ ሲሄድ ሱሪው ወገቡ ላይ አልዘጋ ይላል። ያን ጊዜ ይስቃል፣ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ሥራ ሲይዝ ይጀምራል።

እኔ የስፖርት አስተማሪ አይደለሁም። የማስተምረው ከስፖርት ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ነው። ጅማ ተምሬ፣ ጅማ የቀረሁ ሰው ነኝ። ጠዋት ጠዋት እራመዳለሁ። ደስ ሲለኝ ዱብ ዱብ እላለሁ። ቦርጬ ግን እስካሁን አብሮኝ አለ፤ ስለዚህ ይሄን ጽሑፍ የጡንቻ ምክር ፈልጎ የከፈተ ካለ ከአሁኑ ይቅርታ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሁሉም የሚያምንበትን ነገር የሚያደርገው ለምን ጥቂቱ ብቻ ሆነ?

እኛ አገር አንድ ነገር አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው ግንዛቤ ነው። «የግንዛቤ እጥረት አለ» ይባላል። ከዚያ መድረክ ይዘጋጃል። ባነር ይሰቀላል። ቲሸርት ይታደላል፣ ውሃና ብስኩት ይቀርባል። ቲሸርቱ ጥሩ የመኝታ ልብስ ይወጣዋል። በማግስቱ ሜዳው ላይ የሚታዩት እነዚያው የድሮዎቹ ልጆች ናቸው።

ደግሞስ ግንዛቤው የት ጎደለ? በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ፕሮግራም ሲመለስ ከጋራ ኮርሶቹ አንዱ የአካል ብቃት ሆኗል። ልጆቹ «ድግግሞሽ፣ ጥንካሬ፣ ቆይታ፣ ዓይነት» እያሉ አራቱን ነገር ሲሸመድዱ ሰምቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን መመሪያም ብዙዎቹ ያውቁታል። አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ይሄን ወንበር ላይ ለአምስት ሰዓት ተጣብቆ የሸመደደ ልጅ አውቃለሁ። ፈተናውን አልፏል።

የጤና ተማሪዎቹ ነገር ደግሞ ይብሳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ሲመሠረት ከጤናው በኩል ይዞት የመጣው አንድ መታወቂያ አለው። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቀበሌ ይመደባሉ፤ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ያስተምራሉ። በልጆቹ አፍ «ሲቢቲፒ» ነው። አንድ የማውቀው ልጅ በዚህ ፕሮግራም ከወጡ በኋላ የነገረኝን እስካሁን እያሰብኩ እስቃለሁ። አንዲት እናት ቤት ገቡ። ግፊታቸውን ለኩ፤ ከፍ ብሏል። ልጁ በትምህርቱ መሠረት ማብራራት ጀመረ። ጨው ይቀንሱ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ በእግር ይራመዱ። እናት ዝም ብለው አዳመጡት። ከዚያ «እኔ ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት መርካቶ በእግሬ ሄጄ ዘንቢሌን ሞልቼ በእግሬ መጣሁ» አሉት። «አንተ እዚህ በምን መጣህ?»

በባጃጅ ነበር የመጣው። መዝገብ የያዙት ሁለት ሴቶች ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወደ ግቢው ወጡ።

እንግዲህ ዕውቀት አለ፣ እምነትም አለ። ሰው ግን በእምነት ብቻ ከአልጋው አይነሳም። አይሴክ አይዘን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ሥራ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ ሲያስብ ሦስት ነገር እንደሚያመዛዝን ጽፏል። አንደኛ፣ ነገሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሁለተኛ፣ የምቀርባቸው ሰዎች ምን ይላሉ? ሦስተኛ፣ ላደርገው በእጄ ነው ወይ? እኛ ተማሪዎቹን ስንጠይቅ የምንጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሁሉም መቶ ከመቶ ያመጣል። ልጆቹ የሚወድቁት ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። እነሱን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሁለተኛውን ጅማ ውስጥ ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም። ይሉኝታ ነው።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ጎበዝ፣ ሳቂታ፣ ሃይስኩል እያለች የትምህርት ቤቷ ሯጭ የነበረች። ግቢ ከገባች ጀምሮ አልሮጠችም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «የመጀመሪያውን ዙር ስዞር ‹አይዞሽ፣ በርቺ› የሚል አለ። ሁለተኛው ላይ ‹ለማን ብለሽ ነው?› አለኝ። ሦስተኛውን አልዞርኩም፤ ወደ ዶርም ሄድኩ።» ይሄን ስትናገር አላዘነችም። እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ። እኔን ያናደደኝም ያ ነው።

ሜዳው ዳር የሚቀመጡትን ልጆች ብትጠይቋቸው ክፋት የለውም ይላሉ። ጨዋታ ነው። እነሱም ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ ያላቸውን አመለካከት ቅጽ ላይ ቢሞሉ «በጣም እስማማለሁ» ነው የሚያከቡት። የእነሱ መስማማት ግን የእሷን ሦስተኛ ዙር በላው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉ አዋቂዎች 31 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 29፣ ሴቶቹ 34። ያችን የአምስት ነጥብ ልዩነት ባየሁ ቁጥር ሜዳ ዳር የተቀመጡ ልጆች ይታዩኛል። ሌላም ምክንያት እንዳለ አውቃለሁ። የቤት ሥራውም፣ ጊዜውም፣ ልብሱም።

ልብሱን ካነሳን አይቀር ጅማ ውስጥ መላ የዘየዱ ልጆች አሉ። ቱታ ላይ ረጅም ቀሚስ ይደርባሉ፤ ሒጃብ አጥብቀው ያስራሉ፤ ስኒከር ያደርጋሉ። ሦስት አራት ሆነው አመሻሽ ላይ ከመግሪብ በፊት ይወጣሉ። አይሮጡም። ፈጠን ፈጠን ይላሉ። እያወሩ ነው የሚሄዱት። ከኋላቸው ሆኜ ልደርስባቸው ሞክሬ ያልቻልኩበት ቀን አለ። ማንም አይለክፋቸውም፤ ብዛት አላቸዋ። ደግሞ ሩጫ ስላልመሰለ ዓይን ውስጥ አይገባም። እነዚህን ልጆች «ስፖርት ትሠራላችሁ?» ብትሏቸው «አረ የለም፣ ወክ ነው» ይሏችኋል።

ወንዶቹም ያው ናቸው። አንዱን ክላስ ውስጥ ስፖርት ይሠራ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጊዜ የለኝም ቲቸር» አለ። ጉልበቱ ላይ ያለውን አዲስ ቁስል እያየሁ «ትናንት አመሻሽ ምን ስታደርግ ነበር ታዲያ?» አልኩት። «ኳስ ነዋ!» ክላሱ በሙሉ ሳቀ። እሱ ራሱ ግን የምን ሳቅ እንደሆነ አልገባውም። ለእሱ ስፖርት ማለት ሰዓት ተይዞለት፣ ጂም ተከፍሎበት፣ መስታወት ፊት የሚደረግ ነገር ነው። ኳስ ኳስ ነው።

ያን ኳስ ብታዩት ደግሞ። የጎሉ ቋሚ ሁለት ድንጋይ ነው። ሜዳው አንድ ጎኑ ውሃ ቋጥሯል፤ ሁሉም ውሃ የሌለበትን ወገን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጨዋታው ሁልጊዜ በአንድ ክንፍ ነው። አንድ ታኬታ ለሁለት የተካፈሉ ልጆች አይቻለሁ። ቀኝ እግረኛው ቀኙን፣ ግራ እግረኛው ግራውን አጥልቀዋል። በሌላኛው እግራቸው አንዱ ሸራ ጫማ፣ አንዱ ካልሲ ብቻ። ባለ ካልሲው ጎል አግብቶ ሲሮጥ ካልሲው በጭቃው ተይዞ ወለቀ። ተመልሶ አነሳት፣ ጨምቆ አጠለቃት፣ ቀጠለ። ይሄ ልጅ ስለ ልብ ጤና አስቦ አይደለም ሜዳ የገባው። የዓለም ጤና ድርጅትን አልጠየቀም። ጓደኞቹ በመስኮት ጠርተውት ነው፤ ካልመጣ ቡድኑ አንድ ሰው ይጎድላል።

እኔ ለዓመታት ካየሁት የሚዘልቁት ልጆች እነዚህ ናቸው። «ለወደፊት ጤናዬ» ብሎ የጀመረ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። የሃያ ዓመት ልጅ ወደፊት ስለሚመጣ ስኳርና ግፊት ስትነግሩት በአክብሮት ያዳምጣችኋል። ሮጦ ያልጠገበ ልጅ ነው፤ ስለ ስልሳ ዓመቱ ምን አስጨነቀው? አብሮት የሚወጣ ሰው ያለው ግን ዝናብም አያስቀረውም። እንትና እየጠበቀኝ ነው የምትለዋ ነገር ኃይሏ ከየትኛውም ፖስተር ይበልጣል።

ብረት የሚገፉትም ቢሆን እንደዚያው ናቸው። የቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቧንቧ ያያያዙ ልጆች ነበሩ። ተራ ይይዛሉ፣ ይቆጥሩላቸዋል፣ ይሰዳደባሉ። አንዱ የቀረ ቀን ዶርሙ ድረስ ሄደው ይቀሰቅሱታል። ደረታቸው ለማን እንደሚታይ እናውቃለን፤ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ማለትም «በእጄ ነው ወይ?» የሚለው፣ ቶሎ ሰበብ ተብሎ የሚታለፈው ነው። እኔ አላልፈውም። «በዚህ ሽሮ ላይ ሩጫ?» የሚለውን ቀልድ የየትኛውም ግቢ ተማሪ ያውቀዋል። ቀልድ ብቻ አይደለም። ከቤተሰብ ብር የማይላክለት፣ የዩኒቨርሲቲውን ካፌ በልቶ የሚያድር ልጅ ሮጦ ሲመጣ ይርበዋል። ያን ረሃብ የሚሞላበት የለውም። ላውንጅ ገብቶ እንቁላል ፍርፍር የሚያዝ ልጅ ይሄ አይገባውም። ጠዋት የሮጠ ደግሞ ቁርስ ሰልፍ ላይ መጨረሻ ይቆማል። ላብ ያለ ሳሙና አይለቅም፤ ሳሙናም ብር ነው። ከሁሉ ከሁሉ ጫማ። ብዙው ልጅ ያለው አንድ ጥንድ ነው። በጅማ ጭቃ ከሮጠበት ክላስ በምን ይሂድ?

ጭቃውን የማያውቅ ሰው ይሄን እንደ ማጋነን ይቆጥረዋል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ መስከረም ጃንጥላ ከእጅ አይወጣም። ቡናው ይወደዋል። ስኒከር ግን አይወደውም።

የገጠር ልጆች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ሃይስኩል የሄዱት በእግራቸው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። ከትምህርት መልስ ከብት፣ ውሃ፣ እንጨት። ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አካባቢ ልጅ እያለ ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ሁላችንም እየሰማን አደግን። ደብተር እንደያዘ ሰው አንድ ክንዱን ሰብሰብ አድርጎ መሮጡም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ለእኛ ጀግንነት የሆነው ለእነዚህ ልጆች ማክሰኞ ነው። ግቢ ሲገቡ ክላሱ ቅርብ፣ ምግቡ ቅርብ፣ ውሃው ቅርብ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው አረፉ። አሁን እናንተ መጥታችሁ በነጻ ሩጡ ስትሏቸው ግራ ይገባቸዋል። አንዱ ልጅ ለአባቱ በስልክ ጠዋት ጠዋት መሮጥ መጀመሩን ሲነግራቸው አባቱ ደንግጠው «ማን አባሮህ ነው?» አሉት።

አባትየው ልክ ናቸው እላለሁ። በእሳቸው ሂሳብ ጉልበት የሚወጣው ለሆነ ነገር ነው። ልጁም ያንን ሂሳብ ይዞ ነው የመጣው። ችግሩ፣ ግቢ ውስጥ ጉልበት የሚወጣበት ነገር የለም፤ ሆዱና ወንበሩ ግን አሉ።

መቀመጥ ስል አንድ የቆየ ጥናት ትዝ ይለኛል። ጄሬሚ ሞሪስ የተባሉ ብሪታንያዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት ነው። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ሁለት ሰው ይሠራ ነበር። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ያችን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ያው አውቶቡስ፣ ያው ከተማ፣ ተቀራራቢ ኑሮ። የልብ በሽታው ግን ሹፌሮቹ ላይ በዛ። ቆራጮቹ ስፖርት እንሠራለን ብለው አያውቁም። ሥራቸውን ነው የሠሩት። (የእኛ አገር ወያላ በር ላይ ተንጠልጥሎ እየወረደ እየወጣ ስለሚውለው ማን ያጥና? እሱንም ባየነው።)

ሌላም ነገር አለ። ድሮ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር እንቅስቃሴው ሳይቋረጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም ነበር። በ2020ው መመሪያ ያ ቀርቷል። አጭሯም ትቆጠራለች። ከዶርም እስከ ክላስ ፈጠን ብሎ መሄድ፣ አራተኛ ፎቅ በደረጃ መውጣት፣ ሁሉም ሂሳብ ውስጥ ገብቷል። ይሄን ክላስ ውስጥ ስናገር ልጆቹ ደስ አላቸው። አንዷ ስልኳን አውጥታ ማስላት ጀመረች። «ቲቸር፣ እኔኮ ሳላውቀው ጨርሻለሁ» አለች። እውነትም ጨርሳለች ማለት ይቻላል።

እሁድ እሁድ ጅሬን የሚወጡትም እንዲሁ ናቸው። ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ መቀመጫቸው እዚያ ነበር። ፍሬሽማን የሆነ ሁሉ ጅሬንን ሳያይ ከጅማ አይወጣም። ብር ያለው በባጃጅ፣ የሌለው በእግር። የሌለው ይበዛል። አቀበቱ ቀላል አይደለም። ልጆቹ ግን እየዘፈኑ፣ ፎቶ እየተነሱ፣ መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ እየበሉ ይወጡታል። ከላይ ሆነው ከተማውን ያያሉ፣ የእንጨቱን በረንዳ ይዞራሉ፣ ወደ ታች ይመለሳሉ። በማግስቱ ክላስ ስገባ ግማሹ እግሩን እየጎተተ ነው። ከእነሱ አንዱም «ትናንት ስፖርት ሠራሁ» አላለም። «ጅሬን ሄድን» ነው ያሉት።

ስለ ጫቱ ብዙ አልልም። ጅማ ነው ያለነው፤ ማንም አይነግረንም። ፈተና ሲደርስ በርጫ ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን የሚያጋምስ ልጅ ንጋት ላይ ሜዳ አይገኝም፤ ያኔ ነው ገና የሚተኛው። ቸካዩም ያለ ጫት እንዲሁ ነው። ሁለቱም የሚነሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። በሌላ ወገን ሱብሂ ሰግደው ሳይተኙ በዚያው የሚወጡ ልጆች አሉ። ከቅዳሴ መልስም የሚራመዱ አሉ። ጾም ሲገባ «ጾም ነው» የሚለው ሰው ግን ፍስክ ሲሆን «ሆዴ ሞልቷል» እንደሚል በራሴ አይቼዋለሁ።

ማየት እንወዳለን ደግሞ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ከተማው እንዴት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን ያልዘለለ የለም። የእንግሊዝ ሊግ ባለበት ቅዳሜም ዲኤስቲቪ ቤቱ መቆሚያ የለውም። እኔም እገባለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን ሌላ ሰው ለምን አልሮጠም ብለን እንሳደባለን።

የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር አይስማማም። እሱ እንደሚለው ልጆቹ ካልተገደዱ አይንቀሳቀሱም። በሳምንት ሁለት ጠዋት ግዴታ ይሁን፣ ስም ይጠራ፣ የቀረ ማርክ ይቀነስበት። ሐሳቡን አልንቀውም። ልማድ አንዳንዴ በግድ ይጀመራል፤ ጥርስ መፋቅንስ ማን ወዶ ጀመረ? ግን ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። አንዱ ለአምስት ይፈርማል። አምስቱ ተኝተው ነጥብ ያገኛሉ። የሚሮጡትም ማርክ ሲያልቅ ያቆማሉ። እኔ ብሆን ቀለል ባለው እጀምራለሁ። ለሴቶቹ ማንም ዳር የማይቀመጥበት ሰዓት ይሰጣቸው። ጫማ የሌለው ተውሶ የሚጫወትበት ታኬታ ይኑር። ከጠዋት ሩጫ የሚመጣ ልጅ ቁርስ እንዳያመልጠው የቁርስ ሰዓቱ በግማሽ ሰዓት ይርዘም። እነዚህ ሦስቱ ከአንድ ባነርና ከሁለት መቶ ቲሸርት ይረክሳሉ ብዬ እገምታለሁ።

ባልደረባዬ «ሕልም አለምክ» አለኝ። ቡናችንን ጨርሰን ተለያየን።

እስከዚያው በአቅሜ የማደርገው አንድ ነገር አለ። ለምርምር ጽሑፋቸው አማካሪ የሆንኩላቸውን ተማሪዎች ቢሮ ማስቀመጥ ቀንሻለሁ። ዝናብ ከሌለ ወጥተን እየተራመድን እናወራለን። ደስ የሚላቸው አሉ። ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይናገሩትን ጎን ለጎን ሲሄዱ ይናገራሉ፤ ስለ ጥናቱም፣ ስለ ቤተሰብም። ቶሎ የሰለቻቸውም አሉ። ባለፈው አንዷ ላፕቶፗን አቅፋ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ዛሬ ቁጭ ብለን እንየው» አለችኝ። «ቴብሎቹ ብዙ ናቸው። ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዳገቷ ላይ እርስዎ ቁና ቁና ሲተነፍሱ ኮሜንትዎ አይሰማኝም።»

ቁጭ ብለን አየነው።